ወደ መተማ የሚወሰድ ቲቪ ቦክስ፦ ሚሞሪው ስንት ጊጋ ይሁን?



ውድ የጀመዓችን እህትና ወንድሞች፣ ፈተና አልቆ ወደ ቤተሰብ የመሄጃው ቀን ሲቃረብ ከመተማ፣ ከገንዳ ውሃ፣ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ የመጡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ለቤት ቲቪ ቦክስ ልንገዛ ነው፤ ባለ 8 ጊጋው ይበቃል ወይስ ባለ 64 ጊጋው ይሻላል?» የሚል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። ብሩም ብዙ ጊዜ የተማሪው ሳይሆን ቤተሰብ ከሰሊጥ ሽያጭ ላይ ቆጥቦ የላከው ነው። ስለዚህ በየዶርሙ ቆመን ከምንመልስ አንድ ጊዜ በደንብ እንጻፈው ብለን ይህን ገጽ ለዚሁ ጉዳይ አዋልነው።

መልሳችንን ቀድመን እንናገር። ፊልምና ትምህርት አስቀምጥበታለሁ ብላችሁ ለቦክሱ የውስጥ ሚሞሪ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ይህን ስንል ቆላ ላይ ማከማቻ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ከአዲስ አበባ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። የሚያስፈልገው ግን ተነቅሎ የሚወጣ፣ በኪስ ተይዞ መንገድ የሚሄድ ማከማቻ ነው።

ቦክሱ ውስጥ ያለው ሚሞሪ ሥራው ምንድን ነው?

ቲቪ ቦክስ የምንለው ስክሪን የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይያያዛል፣ በዋይፋይ ኢንተርኔት ያገኛል፣ በሪሞት ይታዘዛል። ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ ስትከፍቱ ቦክሱ ቪዲዮውን በሙሉ አውርዶ አያስቀምጥም። ለጥቂት ጊዜ የሚበቃውን ያህል ቀድሞ ይስባል፣ ያሳያል፣ ያሳየውን ይጥላል፣ ቀጣዩን ይስባል። ከቧንቧ ሥር በእፍኝ እንደመጠጣት ነው። ሰውየው ጠጥቶ ሲጨርስ ቤቱ ውስጥ የተቀዳ ውሃ የለም።

ታዲያ 8 ወይም 64 ጊጋ ተብሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ለምንድን ነው? በመጀመሪያ አንድሮይዱ ራሱ ይቀመጥበታል። ከዚያ አፖቹ፣ ቀጥሎም አፖቹ ሲታደሱ የሚጨምሩት ክብደትና ጊዜያዊ ፋይሎቻቸው። ይህ ደግሞ ቀላል ቦታ አይወስድም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ክሮምካስት ዊዝ ጉግል ቲቪ 8 ጊጋ ነበር፤ ለተጠቃሚው የሚተርፈው ግን 4 ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። ጥቂት አፕ ከተጫነ በኋላ «ቦታ የለም» እያለ ገዢዎችን ሲያስመርር ከርሞ፣ ኩባንያው በ2024 ባወጣው መሣሪያ ሚሞሪውን 32 ጊጋ አድርጎታል። እንግዲህ 8 ጊጋ ጠባብ ነው፤ 16 ጊጋ ዩቲዩብ፣ ቪኤልሲና ሌሎች አምስት ስድስት አፖች ለሚጠቀም ቤት ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ጌም ለሚጭን ሰው ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት «64 ጊጋውን ከገዛሁ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ከዩቲዩብ አውርጄ ኔትወርክ ሲጠፋ አያለሁ» በሚለው ሒሳብ ላይ ነው። ይህ ሒሳብ ስልክ ላይ ይሠራል፤ ቲቪ ቦክስ ላይ አይሠራም። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ቪዲዮ አውርዶ ማስቀመጥን ፈቅዷል፤ የፈቀደው ግን ለስልክና ለታብሌት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የዩቲዩብ የማውረጃ ቁልፍም በቴሌቪዥኑ አፕ ላይ የለም። የባዶው ቦታ ብዛት ይህን አይቀይረውም። 64 ጊጋው ሜዳ ሆኖ ይቀመጣል፣ ቪዲዮው ግን አሁንም በእፍኝ ነው የሚጠጣው።

ይህ እንዴት እንዲህ ሆነ?

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያውን አፕል ቲቪ ሲያወጣ ውስጡ የ40 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ በዚያው ዓመት ባለ 160ም አወጣ። ሐሳቡ ዘፈኑንም ፊልሙንም ከኮምፒውተር ገልብጦ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። በ2008 ደግሞ ሮኩ የሚባል ኩባንያ ሃርድ ዲስክ የሌለው ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ፤ የኔትፍሊክስን ፊልም በቀጥታ ከመስመር እየሳበ ያሳያል፣ ሌላ ሥራ የለውም። አፕልም በ2010 በሁለተኛው አፕል ቲቪ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ጣለው። መሣሪያው አነሰ፣ ዋጋውም ወደ 99 ዶላር ወረደ። በ2013 የመጣው የጉግል ክሮምካስት ጭራሽ እንደ ፍላሽ ቲቪ ጀርባ ላይ የሚሰካ ባለ 35 ዶላር ዕቃ ሆነ።

ውሳኔው ሞኝነት አልነበረም። ዘወትር ውሃ የሚመጣለት ቤት ጣሪያው ላይ ሮቶ አያስቀምጥም። እነዚያ ኩባንያዎች ሲያስቡ ከፊታቸው የነበረው ደንበኛ መስመሩ ቀንና ሌሊት የማይቆረጥ፣ ጊጋ እየቆጠረ የማይከፍል ሰው ነው። ችግሩ ለዚያ ሰው የተሠራው ሳጥን ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ተገዝቶ፣ አዘዞን፣ አይከልንና ገንዳ ውሃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሳሎን ውስጥ መቀመጡ ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የግድ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም።

መስመሩ ሲቆረጥ

የቅርብ ጊዜውን ብቻ እናስታውስ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ከጋላባት ወደ መተማ የሚሻገረው ሕዝብ ድንበሩን አጥለቀለቀው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ በድንበሩ ማዶ የሱዳን ትልልቅ የስልክ ኔትወርኮች ጠፉ። በእነዚያ ወራት በዚህም በዚያም ያለው ሰው በእጁ የነበረው ማየትና መስማት የሚችለው ነገር ስልኩና ሚሞሪ ካርዱ ላይ የተረፈው ብቻ ነበር። በየሳሎኑ የነበረው ቲቪ ቦክስ መብራቱን አብርቶ «ኢንተርኔት የለም» ከማለት በቀር የሚያደርገው አልነበረውም።

መስመሩ በሚሠራበት ጊዜም ሒሳቡ ይከብዳል። በከፍተኛ ጥራት፣ ማለትም በ1080፣ ቪዲዮ ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይመከራል። ይህ በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ቤተሰብ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢያይ በወር 135 ጊጋ ነው። ከስልክ ላይ በሆትስፖት እየሳበ፣ በፓኬጅ እየገዛ ይህን የሚችል ቤት ስንት ነው? ጥራቱን ወደ 480 ብታወርዱት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ያው አንድ ቪዲዮ ሦስት ልጅ በሦስት ቀን ቢያየው ሦስት ጊዜ ይከፈልበታል። ፍላሽ ላይ ያለ ቪዲዮ ግን አንዴ ከገባ መቶ ጊዜ ቢታይ ጭማሪ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ እናስላ፤ ሒሳብ ዲፓርትመንት ያላችሁ አርሙን። ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ ከጎንደር መተማ ድረስ ሚኒባስ ያዛችሁ እንበል። መንገዱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከነፍተሻው 5 ሰዓት ወሰደ እንበል። 64 ጊጋባይት ማለት 512,000 ሜጋቢት ነው፤ 5 ሰዓት 18,000 ሰከንድ ነው። ስታካፍሉት በሰከንድ 28 ሜጋቢት ይመጣል። በኪሳችሁ ያለው ትንሽ ፍላሽ ለአምስት ሰዓት ሳይቆራረጥ በ28 ሜጋቢት እንደሚሠራ መስመር ነው። ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ብትይዙ ወደ 444 ይደርሳል። ይህን ፍጥነት ቆላ ላይ በስልክ የሚያገኝ ሰው ካለ ይንገረን፤ እኛም ወደዚያው እንሄዳለን።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ትልልቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አማዞን የደንበኞቹን መረጃ በኢንተርኔት መላክ ዓመታት ሲፈጅ አይቶ፣ ሃርድ ዲስክ የታጨቀበት ሻንጣ፣ ኋላም ኮንቴይነር የሚጎትት መኪና እስከ መላክ ደርሷል። በኩባ ደግሞ ኢንተርኔቱ ውድና ቀርፋፋ በመሆኑ «የሳምንቱ ጥቅል» የሚባል ነገር ለዓመታት ሲሠራ ኖሯል። 1 ቴራ ያህል ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ ዜናና አፕ በሃርድ ዲስክ ተጭኖ በየሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ አገሪቱን ያዳርሳል። በእኛም አገር ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፊልም የማስጫን ነገር ለማንም አዲስ አይደለም፤ ቀድሞ በካሴትና በሲዲ የነበረው ነው መልኩን የቀየረው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ስልክ ውስጥ ያለችው ሚሞሪ ካርድም ሥራዋ ያው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ማከማቻ ያስፈልጋል ወይ?» ሳይሆን «ማከማቻው የት ይቀመጥ?» ወደሚለው ይዞራል። የውስጡ ሚሞሪ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ቦክሱን ነቅላችሁ ጎንደር ካላመጣችሁት በቀር አይሞላም። ፍላሹ ግን እናንተ ሳትሄዱ በሚሄድ ሰው ይላካል፣ ይሞላል፣ ይመለሳል። ቦክሱ ቢበላሽ ፍላሹ ይተርፋል፤ ፍላሹ ቢበላሽ ደግሞ የፍላሽ ዋጋ ነው የሚከስረው።

ሙቀት፣ መብራትና አቧራ

ደግሞ የቆላውን አየር አትርሱ። መተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ዝቅ ያለች ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ርካሹ ቲቪ ቦክስ ማራገቢያ የለውም። ክፍሉ 40 ሲሆን ውስጡ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ምስሉ የሚንቀራፈፈው ሁልጊዜ በኔትወርክ ብቻ አይደለም። ሙቀትና ተደጋጋሚ መጻፍ የተበየደውን ሚሞሪ ያደክማሉ፤ እሱ ሲሞት አንድሮይዱም አብሮት ስለሚሞት ቦክሱ በሙሉ ይጣላል። ስለዚህ ቦክሱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አትሸጉጡት፤ ጨርቅ አታልብሱት (እናቶች ዳንቴል ማልበስ እንደሚወዱ እናውቃለን)፤ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ሁለት የጠርሙስ ክዳን አስቀምጡለት።

መብራቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ሱዳን ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው ከፍተኛ መስመር በዚያው በገንዳ ውሃና በመተማ በኩል ነው የሚያልፈው፤ መብራቱ ግን ይሄዳል ይመጣል። ሚሞሪ በጣም የሚጎዳው እየተጻፈበት ሳለ መብራት ሲጠፋ ነው። ከፍላሽ ላይ ፊልም ሲታይ ቦክሱ በአብዛኛው እያነበበ እንጂ እየጻፈ አይደለም፤ አደጋው ያንሳል። አፕ በሚታደስበት ሰዓት ቢጠፋ ግን ቦክሱ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። በሪሞቱ ገብታችሁ አፖች በራሳቸው ጊዜ እንዳይታደሱ አጥፉት፤ ዳታም ይቆጥብላችኋል። አብዛኛው ትንሽ ቦክስ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ከፓወር ባንክም ይነሳል። ቴሌቪዥኑ ግን በዚያ አይነሳም።

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር ስለሆነ የመንገዱን ንቅንቅ አይወድም። ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ እየሠራ ሳለ ደግሞ አታንሱት። ከቦክሱ ጋር ሲሰካ «ቃ… ቃ…» እያለ ካልተነሳ ምናልባት ጤነኛ ነው፤ የቦክሱ መሰኪያ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ አንሶት ይሆናል። የቀድሞው ዓይነት ዩኤስቢ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው፤ ብዙ ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ለቆላ የምንመክረው ፍላሽ ወይም፣ አቅም ካለ፣ የማይሽከረከረውን ኤስኤስዲ ነው።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

መጀመሪያ የዩኤስቢ መሰኪያ። ቢቻል ሁለት፣ አንዱ ለፍላሽ፣ ሌላው ለማውዝ። ቲቪ ጀርባ የሚሰኩት ትንንሾቹ ስቲኮች ብዙዎቹ ከቻርጀር በቀር ሌላ መሰኪያ የላቸውም፤ ለከተማ ጥሩ ናቸው፣ ለእኛ ጉዳይ አይሆኑም።

ሁለተኛ ቦክሱ ኤች.265 የሚባለውን የቪዲዮ አጨማመቅ ማጫወት መቻሉ። ይህ አጨማመቅ ከቀድሞው ከኤች.264 ጋር ሲነጻጸር ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ መጠን ገደማ ይይዛል። ያላችሁን ፍላሽ እጥፍ ያደርግላችኋል ማለት ነው። ከ16 ወደ 64 ጊጋ ለመሻገር የምትከፍሉት ብር ይልቅ ለዚህ ይዋል።

ሦስተኛ የማይታወቅ ስም ካለው ቦክስ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ቲ95 የሚባለው ርካሽ ቦክስ ከፋብሪካው ጀምሮ ቫይረስ ተጭኖበት ሲሸጥ እንደነበር አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ደርሶበታል። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ስለ እንደዚህ ዓይነት ቦክሶች ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከዚህ ሌላ ካርቶኑ ላይ 64 ተብሎ ውስጡ 8 የሆነም አለ፤ አንድሮይዱ ራሱ ውሸቱን እንዲናገር ተደርጎ ስለሚሠራ ሴቲንግ ገብቶ ማየትም አያድንም። ለማትጠቀሙበት የውስጥ ሚሞሪ ብር አታውጡ የምንልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጭራሽ የሌለውን ሊሆን ይችላል የምትገዙት።

ውሸቱ ፍላሽ ላይም አለ። «2 ቴራ» የተባለ ፍላሽ በጥቂት መቶ ብር ካያችሁ ፊታችሁን አዙሩ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፤ እውነተኛው ቦታው ሲሞላ የበፊቱን እየደመሰሰ ይጽፋል፣ እናንተ የምታውቁት ቤት ደርሳችሁ ስትከፍቱት ነው። እዚሁ ግቢ ሳላችሁ ላፕቶፕ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ሞልታችሁ ፈትሹት። ባለ 64 ጊጋው ኮምፒውተር ላይ 59 ገደማ ቢል ግን አትደንግጡ፤ አቆጣጠሩ ነው እንጂ ማጭበርበር አይደለም።

ፍላሹን ስታዘጋጁ «ፋት32» በሚባለው ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። «ኤክስፋት» አድርጉት። የቀድሞ ሪሲቨሮች ግን ኤክስፋት የማያነቡ አሉ፤ ፍላሹ ለቦክስም ለሪሲቨርም የሚዞር ከሆነ ፋት32 ላይ ተዉትና ፋይሎቹን ከ4 ጊጋ በታች አድርጓቸው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ሰው ሲገባበት አይተናል። ፍላሹን ስትሰኩ አንዳንዱ አንድሮይድ ቦክስ «እንደ ራሴ ማከማቻ ልጠቀምበት ወይስ ተነቃይ ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ፍላሹን በራሱ ቁልፍ ይቆልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ አይከፈትም። ቦክሱ በቦታ ጠብቦ ለአፕ ካልሆነ በቀር ሁልጊዜ «ተነቃይ» የሚለውን ምረጡ። ቤት ላሉትም አስጠንቅቁ፤ ታናናሾች የመጣላቸውን ጥያቄ ሁሉ «እሺ» ይላሉ።

መጀመሪያ ቤት ያለውን ሪሲቨር ተመልከቱ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ብር የማያስወጣውን ምክር እንጨምር። ቤታችሁ ዲሽ ካለ ሪሲቨሩን ፊት ለፊቱን ወይም ጎኑን ተመልከቱ። ናይልሳትንም ሆነ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቻናሎች ሳተላይት ለመሳብ የሚሸጡት የቅርብ ጊዜ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ የዩኤስቢ መሰኪያ አላቸው፤ ከፍላሽ ላይ ቪዲዮና ድምፅ ያጫውታሉ፣ አንዳንዶቹም የሚተላለፈውን ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይቀዳሉ። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖችም ራሳቸው ፍላሽ ያነባሉ። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የማይዘልቅ ከሆነና እንዲህ ያለ ሪሲቨር ካለ፣ ቦክስ መግዛቱ ጨርሶ ይቅር ነው የምንለው። ብሩ ለሁለት ጥሩ ፍላሽ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሪሲቨሩ የማይወደው ኤች.265ን ከሆነ በኤች.264 የተጨመቀውን ጫኑለት።

ምን ይጫን?

ለመዝናኛ የሚጫነውን እናንተ ታውቃላችሁ። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን 12ኛ ክፍል ያለው ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እህት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። የገንዳ ውሃ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በመስመር ላይ ትምህርት ሲያይ ከከረመ የከተማ ልጅ ጋር ያንኑ ፈተና ነው የሚሠራው። እናንተ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ስር ተቀምጣችሁ፣ እሱ ደግሞ የሒሳብ ማብራሪያ አንድ ሰዓት ለማየት ፓኬጅ እየገዛ ነው።

ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየተጻፈ የሚሰጥ ትምህርት ከፍተኛ ጥራት አይጠይቅም። በ480 አንድ ሰዓቱ 250 ሜጋ ገደማ ቢሆን ባለ 64 ጊጋው ፍላሽ ከ200 ሰዓት በላይ ይይዛል። ይህ የአንድ ዓመት የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማብራሪያ ነው። ድምፅ ደግሞ ከዚህም ያንሳል፤ 30 ሰዓት የሚወስድ ሙሉ የቁርኣን ቂርኣት በ64 ኪሎቢት 1 ጊጋ እንኳ አይሞላም፤ ለአባባና ለእማማ ጥግ ላይ ይግባላቸው። ስታወርዱ ግን ባለቤቱ በነፃ የለቀቀውን ወይም የፈቀደውን ምረጡ፤ ለፍቶ ያዘጋጀ ሰው ሐቅ አለበት። ትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ ብዙ መምህራን በነፃ ያወጡት ፍላሹን ለመሙላት ከበቂ በላይ ነው።

ፋይሎቹን በየትምህርቱና በየምዕራፉ ፎልደር ክፈሉ፤ ስማቸውንም በቁጥር ጀምሩ፦ 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ። በሪሞት የሚፈልግ ሰው በረጅም የእንግሊዝኛ ስም መካከል ሲዳክር ይሰለቻል። ቪኤልሲን ቦክሱ ላይ እዚሁ ግቢ ዋይፋይ ሳለ ጫኑት፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሁሉንም ዓይነት ፋይል ይከፍታል ማለት ይቻላል። ቦክሱ መጀመሪያ ሲከፈት ኢንተርኔትና የጉግል አካውንት የሚጠይቅ ከሆነም ያንን እዚህ ጨርሱ። ካርቶኑን ሳይከፍቱ መተማ ወስደው፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ቦክሱ ከመጀመሪያው ገጽ አላልፍ ያላቸው አሉ።

ፍላሹ ሁለት ይሁን። አንዱ ቤት ሲቀር ሌላው ከእናንተ ጋር ይመለስ፤ እዚህ እየሞላችሁ ወደዚያ በሚሄድ ዘመድ ወይም የጀመዓ ልጅ ላኩት፣ ያለቀው በዚያው እጅ ይመለስ። ላፕቶፕ የሌለው ቤት ከሆነ የኦቲጂ ማገናኛም አብራችሁ ላኩ፤ ታናሽየው ፍላሹን ስልኩ ላይ ሰክቶ የሚፈልገውን ይገለብጣል፣ መብራት ሲሄድም በስልኩ ያያል። የላካችሁትን ፋይል ግን ላፕቶፓችሁ ላይ አታጥፉ፤ ፍላሽ በመንገድ ይጠፋል፣ በሙቀት ይደክማል፣ ሲሞትም ቀድሞ አይናገርም። ፍላሹ ላይ ስማችሁን በፕላስተር ለጥፉ፤ ከአንድ ሚኒባስ የሚወርዱ አራት ጥቁር ፍላሾች አይለዩም።